«በል አሁን እንደገና»፦ ሀብስፖት ትንሽ ሳለ ለሽያጭ ሥራ የተወዳደሩ ሰዎች የገጠማቸው ፈተና

ለሽያጭ ሥራ ቃለ መጠይቅ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ለአንዲት የታወቀች ጥያቄ ነው፦ «እስቲ ይህን እስክሪብቶ ሽጥልኝ»። ምላሱን ስሎ ይገባል፤ አሳምሮ ከተናገረ ሥራውን ያገኘ ይመስለዋል። አሜሪካ ውስጥ ቦስተን አጠገብ ካምብሪጅ ላይ የተቋቋመው የሶፍትዌር ኩባንያ ሀብስፖት ገና ጥቂት ሠራተኞች ብቻ በነበሩት ጊዜ ግን ዋናው ፈተና የሚመጣው ተወዳዳሪው ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነበር። ጠያቂው ገዢ ሆኖ ይጫወታል፣ ተወዳዳሪው ይሸጥለታል። ሲያበቁ ጠያቂው «እንዴት ነበርክ ትላለህ?» ይላል። መልሱን ከሰማ በኋላ አንድ ያማረለትን፣ አንድ ማሻሻል ያለበትን ይነግረዋል፤ ጥቂት ደቂቃ ያሠለጥነዋል። ቀጥሎ «በል አሁን እንደገና ከመጀመሪያው» ይለዋል።

ነጥቡ የሚሰጠው በሁለተኛው ሙከራ ላይ ነው። ይህን ተወዳዳሪው አያውቅም።

ይህን አሠራር የዘረጋው ሰው ማርክ ሮበርጅ ይባላል። ታሪኩን ራሱ በመጽሐፍና በጽሑፍ በዝርዝር ስላስቀመጠው፣ ትንሽ ጀማሪ ኩባንያ የሽያጭ ሰው ሲመርጥ በውስጡ ምን እንደሚያስብ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም። እኔ ግን የማነበው ከሌላው ወንበር፣ ከተጠያቂው በኩል ሆኜ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ የእኛው አዋጅ ሲጠቀስ ካልሆነ በስተቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀብስፖትን በ2006 የመሠረቱት ብራያን ሃሊጋንና ዳርሜሽ ሻህ ናቸው፤ የተዋወቁት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲማሩ ነው። የሚሸጡት ሶፍትዌር ትንንሽ ድርጅቶች ሰው እያባረሩ ስልክ ከመደወል ይልቅ በብሎግና በኢንተርኔት ፍለጋ በኩል ደንበኛው ራሱ እንዲመጣላቸው የሚያደርግ ነው። በ2007 ሽያጩን እንዲያቋቁም የተቀጠረው ሮበርጅ በትምህርቱ መሐንዲስ ነው። ከዚያ በፊት በሽያጭ ሥራ ላይ ኖሮ አያውቅም፤ የሽያጭ ቡድንም መርቶ አያውቅም። ሃሊጋን በሽያጭ ጠንካራነቱ በታወቀው በፒቲሲ የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ያደገ ሰው ሆኖ ሳለ ሽያጭ የማያውቅ መሐንዲስ መምረጡ በራሱ የሚገርም ነው።

መሐንዲሱ ያደረገው መሐንዲስ የሚያደርገውን ነው። ጥሩ ሻጭ ሊኖሩት ይገባሉ ያላቸውን ባሕርያት ዘረዘረ። እያንዳንዱ ምን ማለት እንደሆነ ጻፈ፤ በቃለ መጠይቅ ጊዜ በምን እንደሚለይ ወሰነ፤ ክብደት ሰጠው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከ1 እስከ 10 ነጥብ እየሰጠ በሠንጠረዥ ያዘ። ሰዎቹ ተቀጥረው ጥቂት ከሠሩ በኋላ ወደ ሠንጠረዡ ተመልሶ ቃለ መጠይቁ ላይ የተሰጣቸውን ነጥብ ከሽያጭ ውጤታቸው ጋር በስታቲስቲክስ አስተያየው።

የወጣው ውጤት የሽያጭ ሰዎችን የሚያስቆጣ ነበር። ሁላችንም የሻጭ ሙያ ብለን የምናስባቸው ነገሮች፣ ማለትም ውል ማስቋጨት፣ የገዢን ተቃውሞ መመለስ፣ ማሳመን፣ ከኋለኛው ውጤት ጋር የነበራቸው ግንኙነት ከሁሉ ደካማው ሆኖ ተገኘ። ከላይ የወጡት አምስት ናቸው፦ እርማት ተቀብሎ መለወጥ መቻል፣ የማወቅ ጉጉት፣ ቀደም ሲል በሆነ ነገር ስኬታማ መሆን፣ አዲስ ነገር ቶሎ መረዳት እና ትጋት። ሮበርጅ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ ገዢው ዋጋውንም፣ ተፎካካሪውንም፣ ጉድለቱንም አስቀድሞ አንብቦ ስለሚመጣ ጉልበት ከሻጩ ወደ ገዢው ዞሯል ይላል። እንዲህ ያለውን ገዢ መጫን አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ችግሩን ጠይቆ መረዳት ነው።

ይህን ይዘን ወደ ተወዳዳሪው እንመለስ። ወደዚያ ክፍል የሚገባው ሰው ማን ነው? አብዛኛው ማመልከቻ አስገብቶ የመጣ አይደለም። ሮበርጅ ጥሩ ሻጭ ሥራ ፈላጊ ሆኖ አይገኝም ብሎ ያምናል፤ ያለበት ቦታ ላይ በደንብ ይከፈለዋል፣ አለቃውም አይለቀውም። ስለዚህ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ጥቂት ከቆየ በኋላ ሮበርጅ በሊንክድኢን (ሠራተኞች በሙያቸው በሚገናኙበት ማኅበራዊ መረብ) ላይ ያሉትን የሠራተኛውን ወዳጆች ያያል፤ ቦስተን አካባቢ በሽያጭ ላይ ያሉትን ይለቅማል፤ ከዚያ ሠራተኛውን አስቀምጦ «ይህ ሰው እንዴት ነው? ይህቺስ?» እያለ አንድ በአንድ ይጠይቀዋል። «የምታውቀው ጥሩ ሻጭ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ማንም የለም የሚል ሰው፣ ስሙ ፊቱ ሲቀርብለት ብዙ ያስታውሳል። እንዲህ የተጠራ ተወዳዳሪ ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ ስለእርሱ አንድ ሰው አስቀድሞ መስክሮለታል። በማስታወቂያ የመጣው ግን ከባዶ ይጀምራል፤ ልዩነቱንም አያየውም። በእኛ አገር «ሰው አለህ ወይ?» የሚባለው ነገር እዚያም አለ ማለት ነው፤ ብቻ በሠንጠረዥ ታግዞ ነው የሚሠራው።

ቀደም ያለ ስኬት የሚለካው በደረጃ ነው። «ጥሩ ሠርቻለሁ» አይበቃም። ከስንት ሻጭ ስንተኛ ነበርክ? ቡድኑ መቶ ሰው ከነበረ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ነበርክ? ይህ ጥያቄ ግን ታርጌት (የተመደበ የሽያጭ ግብ) እና ደረጃ የማይለጠፍበት ቤት የሠራን ሰው ይጎዳል። ዘመዱ ሱቅ ውስጥ አምስት ዓመት ሸጦ ገበያውን ሦስት እጥፍ ያሳደገ ሰው ደረጃ የለውም፤ ከራሱ ጋር ብቻ ነው የተወዳደረው። እንዲህ ያለ ሰው በቃለ መጠይቅ የሚቀርበው ቁጥር ካለው አስቀድሞ አስልቶ መምጣት አለበት፤ ሲገባ ወርኃዊ ሽያጩ ስንት ነበር፣ ሲወጣ ስንት ሆነ የሚለውን።

አዲስ ነገር የመረዳት ችሎታ የሚፈተነው ደግሞ በንባብ ነው። በቀደሙት ዙሮች ተወዳዳሪው ስለ ኢንተርኔት ግብይት (ማርኬቲንግ) የሚያስተምር ጽሑፍ ይላክለታል፤ በሚቀጥለው ዙር ስለዚያው ይጠየቃል። የሚፈለገው ለማያውቅ ሰው በቀላል ቃል መልሶ ማስረዳቱ ነው፤ ሸምድዶ መድገሙ ብዙም አይጠቅመውም። ፍትሐዊው ክፍል ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ የማንም የቀድሞ አሠሪ ስም አይረዳውም።

የማወቅ ጉጉት የሚታየው ግን ሰው ፈተና ላይ መሆኑን በማያስብበት ሰዓት ነው። በጨዋታው ውስጥ ሻጩ ገዢውን ምን ይጠይቀዋል? ስለ ዕቃው ማስረዳት ከመጀመሩ በፊት ስለ ገዢው ድርጅት፣ ስለ ሥራው፣ ምን እንዳስቸገረው ጠይቋል? ጠይቆስ ሲመለስለት ያንኑ ይዞ ጠለቅ ይላል ወይስ ከዝርዝሩ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል? ብዙ ጎበዝ ተናጋሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዝምታ ያስፈራዋል፤ ክፍተቱን በራሱ ድምፅ ይሞላዋል።

እናም እርማቱ። ይህ ፈተና ተወዳዳሪውን በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ይነካዋል። መጀመሪያ ራሱን እንዲገመግም ይጠየቃል፤ «ደህና ነበርኩ» ብሎ የሚያልፍም፣ ራሱን አፈር ድሜ የሚያስገባም አይጠቅምም፤ የሚፈለገው «የበጀቱን ጉዳይ ሳልጠይቅ ዋጋ ነገርኩህ» ብሎ በትክክል የሚጠቁም ነው። ሁለተኛ፣ እርማቱ ሲነገረው ምን ያደርጋል? ይከላከላል? ማስታወሻ ይይዛል? መልሶ ይጠይቃል? ሦስተኛ፣ በድጋሚው ሙከራ ላይ የተነገረው ነገር ይታያል ወይስ ያንኑ የመጀመሪያውን በጥቂት ድፍረት ይደግመዋል?

እኔ ይህን ፈተና ወደ አዲስ አበባ ቢሮ ይዞ የሚመጣ አሠሪ አንድ ነገር እንዲያስብ እመክረዋለሁ። የእኛ ተወዳዳሪ ታላቁ ወይም አለቃው ሲያርመው አንገቱን ደፍቶ፣ ራሱን ነቅንቆ መቀበል ጨዋነት መሆኑን ተምሮ ያደገ ነው። ያ ራስ መነቅነቅ መረዳቱንም ለመለወጥ መዘጋጀቱንም አያሳይም። በሌላ በኩል መልሶ መጠየቅ፣ «ይህን ያሉት ለምንድን ነው?» ማለት፣ ድፍረት መስሎ ስለሚታየው ጉጉቱን ይደብቃል። ስለዚህ «እርማት ይቀበላል» የሚለውን ነጥብ ከፊቱ ላይ ማንበብ ያስታል፤ መታየት ያለበት ሁለተኛው ሙከራ ብቻ ነው። ለተወዳዳሪውም እንዲሁ፦ ጠያቂዎ ካረሙዎት በኋላ «አንዴ እንደገና ልሞክረው?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጠያቂዎች ባያስቡትም እምቢ አይሉም።

አሁን ስለ ራሱ ስለ ቀመሩ። ሮበርጅ ቀመሩ ለእያንዳንዱ ኩባንያ ይለያያል፣ የሚወረሰው ዘዴው ነው ሲል ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ብዙ ሰው አይሰማም፤ አምስቱን ባሕርያት ገልብጦ ይወስዳል። ከዚያ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሠንጠረዡ ውጤት የያዘው የተቀጠሩትን ብቻ ነው። ውል በማስቋጨት ከፍተኛ ነጥብ አግኝተው፣ በእርማት ዝቅ ብለው ያልተቀጠሩ ሰዎች ቢቀጠሩ ምን ያህል ይሸጡ እንደነበር ማንም አያውቅም። ደግሞም የሚያሠለጥነው፣ የሚያርመው፣ ነጥብ የሚሰጠው ያው አንድ ሰው ሲሆን፣ የእርሱን እርማት የሚቀበል ሰው በእርሱ ቡድን ውስጥ ቢሳካለት ብዙ አይገርምም። እንዲያም ሆኖ የአሠራሩ አጥንት ጥሩ ነው። ተመራማሪዎቹ ሽሚትና ሃንተር በ1998፣ ሳኬትና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2022 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄና አንድ ዓይነት መለኪያ ያለው ቃለ መጠይቅ እንደመጣ ከሚጠየቀው ይልቅ የሥራ ውጤትን በተሻለ ይተነብያል። በ2022ቱ ዝርዝር ውስጥ እንዲያውም የመጀመሪያውን ቦታ የያዘው እርሱ ነው። በ«ልቤ ወዶታል» ከመመረጥ በሠንጠረዥ መመረጥ ለተወዳዳሪው ይሻለዋል።

ሮበርጅ ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች ኮከብ ሻጮች የተናገረውም ለተወዳዳሪዎች ጠቃሚ ነው። ስሙ በታወቀ ድርጅት ውስጥ አንደኛ የነበረ ሰው ወደ ጀማሪ ኩባንያ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይሳካለትም፤ ምክንያቱም ከበስተኋላው የነበረው ስም፣ ሥልጠና፣ ተዘጋጅቶ የሚሰጠው የደንበኛ ዝርዝር አብሮት አይመጣም። ከባንክ ወይም ከቴሌኮም ሽያጭ ወጥተው አሥር ሰው ወዳለበት የሶፍትዌር ድርጅት ለመግባት የሚያስቡ የአዲስ አበባ ልጆች ይህን ራሳቸውን ቢጠይቁ አይከፋም። በሩን የሚከፍትልኝ የደረቴ ላይ ባጅ ነበር ወይስ እኔ?

በዚያ ዘመን በሀብስፖት ቃለ መጠይቁን ያለፈ ሰው ወዲያው ስልክ አይሰጠውም ነበር። የመጀመሪያውን ወር በክፍል ውስጥ ያሳልፋል፤ በሚሸጠው ሶፍትዌር የራሱን ድረ ገጽና ብሎግ ሠርቶ ሰው እንዲያነበው ያደርጋል፤ ከዚያ ፈተናና የብቃት ማረጋገጫዎች ይጠብቁታል። የሚሸጥለትን ትንሽ ነጋዴ ችግር በራሱ እጅ እንዲቀምሰው ነው። «ከሥራ ጓደኛህ ጋር ሁለት ቀን ዙርና ሦስተኛው ቀን ታርጌት ይሰጥሃል» ለተባለ የእኛ አገር ሻጭ ይህ ቅንጦት ይመስላል።

ተወዳዳሪዎች ከሁሉ በላይ ሊያውቁት ይገባ የነበረው፣ በቃለ መጠይቅ ግን የማይነሣው ጉዳይ ክፍያ ነው። ሮበርጅ እንደጻፈው የሀብስፖት የኮሚሽን ሥርዓት በተከታታይ ሦስት መልክ ይዟል። መጀመሪያ፣ ደንበኞቹ ወደ 100፣ ዓመታዊ ገቢው ከ300,000 ዶላር በታች በነበረበት ጊዜ፣ የሚፈለገው ደንበኛ ብቻ ነበር። ከመነሻ ደመወዝ በላይ ደንበኛው በወር ለሚከፍለው ለእያንዳንዱ 1 ዶላር ሻጩ 2 ዶላር ወዲያው ያገኛል። ደንበኛው በአራት ወር ውስጥ ከተወ ግን ኮሚሽኑ ተመልሶ ይወሰድበታል። በስድስት ወር ውስጥ ደንበኞቹ ከ1,000፣ ገቢው ከ3 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ግን ደንበኞች መሸሽ ጀመሩ። ሲመረመር ከሽያጭ በኋላ በሚያገለግሉት ሠራተኞች መካከል ብዙ ልዩነት አልነበረም፤ በሻጮች መካከል ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት ተገኘ። አንዳንዱ ሻጭ የማይጠቅመውንም ሰው ያስፈርማል።

ሁለተኛው ሥርዓት መጣ። ሻጮች ደንበኞቻቸው በሚቆዩበት መጠን በአራት ምድብ ተከፈሉ፤ ከፍተኛው ምድብ ለ1 ዶላር 4፣ ቀጣዮቹ 3 እና 2፣ የመጨረሻው 1 ዶላር ብቻ። በስድስት ወር ውስጥ የሚሸሹት ደንበኞች በ70 በመቶ ቀነሱ። በኋላ ደግሞ ሦስተኛው፦ ክፍያው ወደ 2 ዶላር ተመለሰ፣ ግን ግማሹ ደንበኛው የመጀመሪያውን ወር ሲከፍል፣ ሩቡ ስድስተኛውን ወር፣ ሩቡ አሥራ ሁለተኛውን ወር ሲከፍል ብቻ።

በብር አስቡት ብዬ አላስቸግርም፣ በዶላሩ እንየው። በወር 500 ዶላር የሚከፍል ደንበኛ ያመጣ ሻጭ በመጀመሪያው ሥርዓት 1,000 ዶላር ያገኛል። በሁለተኛው እንደ ምድቡ 2,000 ወይም 500። በሦስተኛው ደንበኛው በየወሩ የሚከፍል ከሆነ ዛሬ 500፣ ከዚያ 250፣ ከዓመት በኋላ 250። የአንዱን ዓመት አስቀድሞ ካስከፈለው ግን ሁሉም ወዲያው በእጁ ይገባል። ሥራው ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው። ሮበርጅ ለውጡን ሻጮቹን ሰብስቦ ካወያየ በኋላ ያደርግ እንደነበር ጽፏል፤ ይህም ያስመሰግነዋል። ግን በመጀመሪያው ጊዜ ተቀጥሮ ብዙ በማስፈረም ኮከብ የሆነ ሻጭ በሁለተኛው ጊዜ የመጨረሻው ምድብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በጀማሪ ኩባንያ ቃለ መጠይቅ ላይ «በወር ስንት አገኛለሁ?» ከማለት «የኮሚሽኑ ሥርዓት መጨረሻ የተለወጠው መቼ ነው? ደንበኛው ቢተው የተከፈለኝ ይመለሳል?» ማለት የበለጠ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ የእኛ ሕግ አንድ የሚያሳስብ ነገር ይዟል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ኮሚሽንን ከደመወዝ ትርጉም ያወጣዋል፤ የሥራ ስንብት ክፍያ ሲሰላ ደግሞ መነሻው ደመወዝ ነው። «መነሻህ 4,000፣ ኮሚሽኑ ግን ገደብ የለውም» የተባለ ሻጭ በወር 30,000 ብር ሲያገኝ ቢቆይም በሕጉ ዓይን ደመወዙ 4,000 ብር ነው። የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ወይም ገንዘብ የሚይዝ ሻጭ ተያዥ አምጣ መባሉ የተለመደ ስለሆነ፣ ዋስ የሚሆነው አጎት ወይም ጎረቤትም የኮሚሽኑን ነገር ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ዕዳው እርሱንም ይነካዋልና።

ሀብስፖት ገብተው ቤቱን ያልወደዱትም አሉ። ዳን ላየንስ የተባለ የታወቀ ጋዜጠኛ በ2013 በ52 ዓመቱ ድርጅቱ ገብቶ ነበር፤ የገባው በግብይት ክፍል እንጂ በሽያጭ አልነበረም። በ2016 ባወጣው መጽሐፍ ቤቱ በወጣቶች የተሞላ፣ ዕድሜና ልምድ የማይከበርበት፣ የሽያጭ ክፍሉም ጫና የበዛበት አድርጎ ሥሎታል። የተሰናበተ ሰው «ተመረቀ» እየተባለ በኢሜይል ይነገር እንደነበርም ጽፏል። መጽሐፉ ሳይወጣ በ2015 ድርጅቱ የግብይት ኃላፊውን ረቂቁን ለማግኘት ከተደረገ ሙከራ ጋር በተያያዘ አሰናብቷል፤ ስለዚህ ነገሩ ቀላል ቅሬታ አልነበረም። ላየንስ ቂም ያለው ጸሐፊ ነው ሊባል ይችላል። ጥያቄው ግን ይቀራል፦ «እርማት ተቀባይ» የሚለው መለኪያ በ24 ዓመት ልጅና በ48 ዓመት ሰው ላይ አንድ ዓይነት ይነበባል? ሃያ ዓመት ሸጦ የመጣ ሰው በራሱ መንገድ ለመሸጥ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ሠንጠረዡ ላይ ያ ምክንያት «አይታረምም» ተብሎ ይጻፋል።

ሀብስፖት በጥቅምት 2014 በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ አክሲዮኑን በ25 ዶላር ሸጦ 125 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ሮበርጅ በኋላ ወደ ሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ሄዶ ማስተማር ጀመረ። ዛሬ የእርሱን የነጥብ ወረቀት የሚጠቀም ጀማሪ ኩባንያ ገጥሞዎት «እንዴት ነበርክ ትላለህ?» ከተባሉ፣ መልሱን ከሰጡ በኋላ ተራዎን ተጠቅመው ይጠይቁ፦ ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር የነበረው ሰው የት ደረሰ? ለመልቀቁ ምክንያቱ ምን ነበር? ከባለቤቱ ውጭ ይህን ዕቃ ሸጦ ታርጌቱን የመታ ሰው አለ? ለሦስተኛው ጥያቄ «ገና የለም» የሚል መልስ በጀማሪ ቤት ነውር አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን የሚደራደሩት ስለ ኮሚሽን ሳይሆን ስለ መነሻ ደመወዝ ይሁን።